ጋሽ ስማቸውና ቀዩ አምፖል

ጋሽ ስማቸው ማረፋቸውን የሰማሁት መብራት ጠፍቶ ሥራ በፈታንበት ሰዓት ነው። ታላቅ እህታቸው ከሞጣ ለአሠሪያችን ለአቶ አንዳርጌ ደወሉላቸው። አቶ አንዳርጌ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ብዙ ጊዜ «እህ፣ እህ» ካሉ በኋላ ኪሳቸው ከተቱትና ወደ እኛ ዞሩ።

«ስማቸው አርፏል። ከተቀበረ ሦስት ቀኑ ነው» አሉ።

መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም ጠፍቶ ስለነበር ለቀብር ሊጠሩን አልቻሉም። በያጁ ሙሉቀን የያዘውን የሻይ ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጠ። እኔ በጄ ብርጭቆ ወረቀት እንደያዝኩ የግድግዳውን ሶኬት አየሁ። ድሪሉ እንደተሰካ ነበር። ሄጄ ነቀልኩት። ማልቀስ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሽ ስማቸው ቢቸና ውስጥ በአንድ የእንጨትና የብረት ሥራ ቤት አብሬያቸው የሠራሁት አናጢ ነበሩ። የሞጣ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ነው ወደ ቢቸና የመጡት። ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ብርድ ቢሆንም ዝናብ ቢሆንም እጅጌያቸው ከክርናቸው በላይ ተጠቅልሎ ነው የሚውለው። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ ሰዓታቸውን ፈትተው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣሉ። ምን ሰዓት እንደሆነ ሲጠየቁ ወደ ባዶ ክንዳቸው አይተው «ሥራ ሰዓት ነው» ይሉ ነበር።

እኔ እዚያ ቤት ስገባ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ተድሬ፣ ትዳሩም ሳይሆን ቀርቶ እናቴ ቤት ተመልሼ ነበር። ሲያጩኝ አባቴ «ምን ትያለሽ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ዝም አልኩ። ዝም ስላልኩ ወድዳለች ተባለና ድግሱ ተደገሰ። ይህን ያነሳሁት ስለ ዝምታዬ በኋላ የምናገረው ስላለኝ ነው።

ሥራዬ በርና አልጋ ማለስለስና ቀለም መቀባት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ገባሁ። ጋሽ ስማቸው ሳንቃ ይበሱ ነበር። ሲያዩኝ ድሪሉን አጠፉት፤ ግን ወዲያው አላስቀመጡትም። መዞሩን ፈጽሞ እስኪያቆም በእጃቸው ይዘው ጠበቁ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስተኙት።

«ነጠላሽን እዚያ ሚስማር ላይ ስቀይው» አሉኝ።

አልተንቀሳቀስኩም።

«ስምሽ ማን ነው?»

«ስመኝ።»

«ስመኝ፣ እኔ አላይሽም። ዞሬልሻለሁ። ነጠላውን ስቀይና ጸጉርሽን በሻሽ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪ። ስትጨርሺ ንገሪኝ።»

እውነትም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሙሉቀን ሳቀ።

«ጋሼ፣ ሙሽራ መሰለችዎት እንዴ?»

«አንተም ዙር» አሉት።

ሙሉቀን እየሳቀ ዞረ። ሁለት ወንዶች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመው እኔ ሻሼን አሰርኩ። ጨርሼ ግን «ጨረስኩ» ማለት አቃተኝ፤ ዝም ብዬ ቆምኩ። ብዙ ከጠበቁ በኋላ ራሳቸው ዞሩ።

«ንገሪኝ ብዬሽ ነበር እኮ» አሉ። አልተቆጡም።

ከዚያ ዘይት የሚጠርጉበትን የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አንጠለጠሉት። ድሪሉን አስነሱና «እስከ ሦስት ቁጠሪ» አሉኝ። ጨርቁን ወደሚዞረው ፑንታ አስጠጉት። ፑንታ የምንለው የሚበሳውን ሹል ብረት ነው። አንድ ብዬ ሳልጨርስ ጨርቁ ተጠቅልሎ እንጨቱን ከእጃቸው ነጠቃቸው።

«አየሽ? ለመሳብ እንኳ ጊዜ አይሰጥሽም። ጓንትም እንደዚሁ ነው፤ የሰፋ እጅጌም እንደዚሁ። አሁን ያፈርሽ ይመስለኛል፤ እፍረት ግን ይለቃል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጠላዬ የሚውለው ሚስማሩ ላይ ሆነ። ሰው ፊት ሳልሸፈን የዋልኩት በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሌላው እጁን ታጥቦ ሲወጣ እሳቸው ይቀራሉ። ድሪሉን ከሶኬቱ ነቅለው ጭናቸው ላይ ያስቀምጡና በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ የገባውን ብናኝ በቀለም ብሩሽ ያወጣሉ። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሁለት ጣት እየዳሰሱ የተላጠ ቦታ ይፈልጋሉ። አንድ ቀን ሙሉቀን ድሪሉን በገመዱ አንጠልጥሎ ሲያመጣው አይተው ቀኑን ሙሉ አላናገሩትም። የደነዘዘ ፑንታ ካገኙ እስኪሳል ድረስ ለማንም አይሰጡም።

«ፑንታው የተሳለ ከሆነ ራሱ ይገባል፤ አንቺ ትይዥዋለሽ እንጂ አትገፊውም። መግፋት ከጀመርሽ አቁሚ። ወይ ደንዝዟል፣ ወይ እንጨቱን በደንብ አላሰርሽውም» ይሉኝ ነበር።

ሙሉቀን ይህን የቅዳሜ ሥራቸውን ሲያይ አያስችለውም።

«ጋሼ፣ ሕፃን እንኳ እንደዚህ አይታጠብም። ልዘለው ወይስ ያስተኙታል?»

«አንተ ሚስትህን የዚህን ግማሽ ብትይዛት ኖሮ እናቷ ቤት ምን ትሠራ ነበር?»

«እሷ ብሩሽ አትፈልግም፤ ምላሷ ራሱ ይጠርጋል።»

ጋሽ ስማቸው ድምፅ ሳያሰሙ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ይስቃሉ። ከዚያ ብሩሹን ያራግፋሉ።

ሙሉቀን ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ልማድ ግን ነበረው፤ እኛ አገር ደግሞ የእሱ ብቻ አይደለም። መብራት ሲጠፋ መምጣቱን ለማወቅ የሆነ ነገር እንደበራ ይተዋል። ቤት ውስጥ ሬዲዮ ነው የሚተወው፤ ሥራ ቤት ግን ድሪሉን። የድሪሉ መያዣ ጎን ላይ ትንሽ ጉብታ አለች፤ እሷን ከተጫኗት ጣት ቢነሳም ማሽኑ መዞሩን አያቆምም። ሙሉቀን ጉብታዋን ተጭኖ፣ ድሪሉን እንደተሰካ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሻይ ቤት ይሄዳል። መብራት ሲመጣ ድሪሉ ይጮኻል፤ እሱም ሰምቶ ይመለሳል። አንድ ቀን ድሪሉ ራሱን እያንፏቀቀ ሄዶ ከጠረጴዛው ወድቆ አገኙት።

ጋሽ ስማቸው ያን ቀን አልጮኹም። አምፖል ገዝተው ቀይ ቀለም ቀቡትና በሩ አናት ላይ ሰቀሉት።

«መብራት ከመጣ ይሄ ይነግርሃል። ከሻይ ቤትም ይታያል። ድሪሉን ተወው፤ እሱ ለሌላ ነው የተሠራው» አሉት።

እኔንም ጠሩኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ስፒናውን ከሶኬቱ የምነቅለው እኔ እንድሆን አደረጉ። ሶኬቱ ከኋላቸው ስለነበር ሲሠሩ አይታያቸውም። ፑንታ ሊቀይሩ ሲሉ ሳይዞሩ «ተነቀለ?» ይላሉ። እኔ «ተነቅሏል» ማለት አለብኝ። መጀመሪያ ራሴን ብቻ እነቀንቅ ነበር።

«ስመኝ፣ ጀርባዬ ዓይን የለውም። ድምፅሽን ስጪኝ።»

ለጥቂት ወራት ሞከርኩ። ሰው በሌለበት እችላለሁ። ደንበኛ ሲኖር ግን ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። እሳቸውም አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ቀስ በቀስ ተዉኝ። «ተነቀለ?» ይሉና ትንሽ ይጠብቃሉ፤ ዝም ካልኩ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ዝምታሽን አዎ ነው ብዬ መውሰድ ለምጃለሁ። ጥሩ ልማድ አይደለም» ብለውኛል። እኔ በልቤ፣ ነቅዬ ካልሆነ መቼ ዝም አልኩ እል ነበር። እውነትም ነቅዬ ካልሆነ ዝም ብዬ አላውቅም ነበር።

አምፖሉ ተቃጠለ። አቶ አንዳርጌ ደጀን ስሄድ አመጣለሁ አሉ፤ ሄደው ሲመለሱ ረሱት። ሁለተኛም ረሱት። ጋሽ ስማቸው ራሳቸው ሊገዙ ብለው ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን በር ለንግሥ እንዲደርስ ጥድፊያ ላይ ነበርንና ነገ ነገ እያልን ሳምንታት አለፉ።

ያን ቀን ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። ሄጄ ነቀልኩ። ጋሽ ስማቸው በሩን ሊያዩ የመጡትን ቄስና ሁለት ሽማግሌዎች ለመቀበል ወደ ውጭ ወጡ። ሙሉቀን ገባና ስፒናውን መልሶ ሰካው። የድሪሉን ጉብታ ተጫነ።

«አምፖሉ እንደሆነ ሞቷል። መምጣቱን በምን እንወቅ?» አለኝ። «ለጋሼ እንዳትነግሪ። ሲጮህ እኔው መጥቼ አጠፋዋለሁ።»

ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ተነስቼ ልነቅለው አሰብኩ። ያየኛል፤ ወሬ አመላላሽ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ትንሽ ቆይቼ፣ ወደ ሌላ ሲዞር እነቅለዋለሁ አልኩ።

ጋሽ ስማቸው እንግዶቹን ይዘው ገቡ። የቁልፉ ቀዳዳ ጠቧል ተባለ፤ መብራቱ እስኪመጣ ፑንታውን በወፍራም ቀይሬ ልጠብቅ አሉ። ድሪሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ፑንታው የሚታሰርበትን አፉን በግራ እጃቸው ጨብጠው ያዙ። ፑንታውን የሚያላላውን ትንሽ ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው አስገቡት። ቄሱ እየተናገሩ ነበር፤ የበሩ መስቀል የት እንደሚሆን ያስረዳሉ። ሽማግሌዎቹ በትራቸው ላይ ተደግፈው ያዳምጣሉ። ጋሽ ስማቸው ቄሱ ንግግራቸውን እስኪጨርሱ ጠበቁና ሳይዞሩ እንደ ወትሮው፣

«ተነቀለ?» አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ቄሱም፣ ሽማግሌዎቹም፣ ከደጃፉ ሙሉቀንም። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

ጋሽ ስማቸው ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ቁልፉን በቀኝ እጃቸው ማዞር ጀመሩ።

መብራቱ መጣ።

ድሪሉ የዞረው ረጅም ጊዜ አልነበረም። ሙሉቀን ሮጦ እስኪነቅለው ድረስ ብቻ ነው። ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ነጠላዬን አውርጄ ሰጠሁ፤ አንደኛው ሽማግሌ የጋሽ ስማቸውን ቀኝ እጅ በእሱ ጠቀለሉት። ጋሽ ስማቸው አልጮኹም። ፊታቸው ነጥቶ እኔን አዩኝ።

«ተነቅሎ ነበር እኮ፣ አይደለም?» አሉ።

ሰው ሁሉ አንድ ላይ ያወራ ስለነበር መልስ የጠበቀ አልነበረም። እኔም አልመለስኩም።

ሐኪም ቤት አውራ ጣታቸውንና ጠቋሚ ጣታቸውን ቆረጡላቸው። የቀሩትም አይታጠፉም ነበር። ሰው ፈተና ነው አለ፤ ዓይን ነው ያለም ነበር። ሙሉቀን ለብዙ ቀን እህል አልበላም፤ ሆኖም ስለዚያ ነገር ከእኔ ጋር አንድም ቀን አልተነጋገርንም። ጋሽ ስማቸው እህታቸው ዘንድ ሞጣ ሄዱ።

ዓመት ሊሞላ ሲል ልጠይቃቸው ሄድኩ። አውቶብስ ውስጥ እስከ ሞጣ ድረስ አንዲት ዓረፍተ ነገር በልቤ ስደጋግም ነበር፤ «ጋሼ፣ ተሰክቶ ነበር፤ እያወቅሁ ዝም አልኩ።» ሌላ የምናገረው አልነበረኝም።

ደጃፉ ላይ በዱካ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እጅጌያቸው እንደ ድሮው ተጠቅልሏል። ሲያዩኝ ፈገግ አሉ፤ ከሰላምታው ቀጥሎ የጠየቁኝ ስለ ድሪሉ ነበር።

«ሲነሳ ብልጭታ ያሳያል?»

«አዎ፣ በዝቷል።»

«ውስጡ ያለው ካርቦን አልቋል። ሁለት ናቸው፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀይሩ በያቸው። እስኪቆም አይጠብቁ፤ ሞተሩን ይበላዋል።»

ከዚያ አንድ ሳንቃ አሳዩኝ። በግራ እጃቸው በካቻቢቴ ብሎን እያሰሩ ይለማመዱ ነበር። የላይኛው ረድፍ ሁሉ ጠማማ ነው። ወደ ታች ሲሄድ እየተስተካከለ መጥቶ የመጨረሻው ረድፍ ቀጥ ብሏል።

«ለፋሲካ እመለሳለሁ» አሉኝ። «ለአንዳርጌ ንገሪው። የበፊቱን ያህል አልፈጥንም። ግን እሠራለሁ።»

እህታቸው እትዬ የሺወርቅ ከውስጥ ሆነው፣ «ማታ ማታ እንኳ አያስተኛኝም፤ ቋ ቋ ነው» አሉ። ደስ እያላቸው ነው የሚናገሩት።

ልናገር ነው ብዬ እጄን ጨበጥኩ። እሳቸው ቀደሙኝ።

«ስመኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን ተነቅሎ ነበር?»

ዱካቸው ላይ ወደ እኔ ዞረው ነበር። ይህን ጊዜ ጀርባቸውን አልሰጡኝም። ሳንቃው ጭናቸው ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሬ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። መሬት መሬቱን አየሁ። በጣም ብዙ ጠበቁኝ። አንድ በግ አልፎ፣ የጎረቤት ልጅ አባርሮት አልፎ፣ ገና ይጠብቁኝ ነበር።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። እንደለመዱት ዝምታዬን አዎ ብለው ወሰዱት። «እንግዲያ እኔው ነኝ የሰካሁት። እንግዶቹን ልቀበል ስወጣ ስገባ፣ ሳላውቀው ሰክቼዋለሁ ማለት ነው። ስንት ጊዜ አሰብኩት እኮ። አላስታውሰውም።»

ሳንቃውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ሌላ ነገር አውርተን፣ ምሳ በልቼ፣ አውቶብስ ተሳፈርኩ። ለፋሲካ አልመጡም።

አሁን ለለቅሶ ስሄድ አቶ አንዳርጌና ሙሉቀን በማግስቱ እንመጣለን ስላሉ ብቻዬን ነበርኩ። እትዬ የሺወርቅ አጠገባቸው አስቀምጠው ንፍሮ ሰጡኝ።

«አንቺ መጥተሽ ከሄድሽ በኋላ ስማቸው ካቻቢቴውን አልነካም» አሉኝ። «ምነው ስለው፣ እጄ ሳይሆን ጭንቅላቴ ነው የከዳኝ፤ የሰካሁትን የማላስታውስ ሰው ድሪል አይይዝም አለኝ። ለሰውም አደጋ ነኝ አለ። በኋላ በኋላ ምድጃውን እንኳ ሦስት ጊዜ እየተመለሰ ያያል። በሽታው ኋላ ነው የመጣው። እሱ ግን ያኔ ነው የተኛው።»

ከአልጋው ሥር አንድ አሮጌ ካልሲ አወጡ። ውስጡ ቀይ የተቀባ አምፖል ነበር።

«ቢቸና ላለችው ልጅ፣ ለስመኝ ስጪልኝ ብሎኛል። እኔ አልታመንም፣ ይሄ ግን ይታመናል አለ።»

ካልሲውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ተሰክቶ ነበር» አልኩ። «ጋሼ አልሰኩትም። ሌላ ሰው ሲሰካው አይቻለሁ። ሲጠይቁኝም አውቅ ነበር።»

ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ገረመኝ።

እትዬ የሺወርቅ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለእሱ ነበር እኮ የምትነግሪው» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሌሎቹ ለቀስተኞች መለሱ። «ንፍሮውን ብይ።»

አምፖሉን እስከ ቢቸና ጭኔ ላይ ይዤ በዚያው ቀን ተመለስኩ። ሥራ ቤት ስደርስ መብራት ጠፍቷል። ካልሲውን ከፍቼ አየሁት። ቀለሙ ወፍራምና ጉርብጥብጥ ነው፤ ከብርጭቆው አልፎ ወደሚታሰርበት ናስ ወርዶ ታችኛውን ጫፍ ሸፍኖታል። እንዲህ ሆኖ አይበራም። ጋሽ ስማቸው ድሮ ብረት ላይ አንዲት ጠብታ ቀለም ካዩ ያስጠርጉኝ ነበር። የግራ እጃቸው ሥራ ነው። በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጌ አጸዳሁትና በርጩማ ላይ ቆሜ በሩ አናት ላይ አሰርኩት።

ድሪሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ተሰክቷል፤ ጉብታዋም ገብታለች።

«ሙሉቀን፣ ንቀለው» አልኩት፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«አሁን ይመጣል» አለ ሳያየኝ።

አሁን አሁን እናገራለሁ። በየቀኑ እናገራለሁ። መልሱ ሁልጊዜ ይሄ ነው። ያን ቀን ልነቅለው ስል መብራቱ መጣ። አምፖሉ ቀላ። በዚያው ቅጽበት ድሪሉ መጮህ ጀመረና ጠረጴዛው ላይ እየተንፏቀቀ ወደ ጫፉ ሄደ። ወደ አምፖሉ ያየ ሰው አልነበረም። ሄጄ ስፒናውን መዘዝኩት።

«ተነቅሏል» አልኩ ጮክ ብዬ።

«መብራት መጣ እኮ፤ ለምን ትነቅይዋለሽ?» አለ ሙሉቀን። ስፒናውን ከእጄ ወስዶ መልሶ ሰካው።